ቢሻው የዘራው ስኳር

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ጮክ በሉ እንጂ! እራት አልበላችሁም እንዴ? የዛሬው አንጀቴን ያሳረረኝ ነገር ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ዳር አንድ ሸንኮራ ተካይ አገር ነበር። ወጉም እንዲህ ነበር። መንገደኛ ከማሳ ገብቶ ሸንኮራ ቢበላ ማንም አይቆጣውም። ተሸክሞ ከወጣ ግን ሌባ ነው።

በዚያ አገር ቢሻው የሚባል ባለጸጋ ነበር። ማሳው ሰፊ ነው፤ እጁ ግን አይፈታም። አንድ ቀን ጎረቤቱ ትርንጎ ከማሳው ገባች። እርጉዝ ናት፤ ወሯም ገብቷል። አንዲት ሸንኮራ ቆርጣ አፏ ላይ ስታደርግ ቢሻው ደረሰባት።

ትርንጎም፦ «አያ ቢሻው፣ አምሮኝ ነው። ለጽንሱ ፈርቼ ነው» አለችው።

ቢሻውም፦ «ያንቺ ሆድ በገፋ የኔ ማሳ ይራቆት?» አለና ከአፏ ነጠቃት! ከእርጉዝ አፍ! እግዚኦ! እጁን ይቁረጠውና! ከዚያም ለከብት የሚጣለውን ጫፉን ቆርጦ ወረወረላት።

ትርንጎ ጫፉን ይዛ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ጣዕም የለውም። ቢሆንም ጥቂት መጠጠችና የቀረውን ከጓሮዋ ተከለችው።

ቢሻው ግን እንቅልፍ አጣ። «ነገ ደግሞ ሌላዋ ታረግዛለች» አለ። ስሙልኝ እስቲ! ከዚያም ማሳውን ሙልጭ አድርጎ ቆረጠ። ጨመቀና አፈላው። ጫፉንም ሥሩንም ማገዶ አደረገው። ስኳሩን በጋን ሞልቶ ቤት ቆለፈበት።

«ስኳር ማለት በር የሚዘጋበት ሸንኮራ ነው» ብሎም ተደሰተ።

የመትከያው ወር ደረሰ። የሚተክለው ጫፍ የለውም። ሰው መለመን ደግሞ ከበደው።

«ሸንኮራ ስኳር ከሆነ፣ ስኳርም ሸንኮራ ይሆናል» አለና ስኳሩን ዘራው!

ምን ያስቃችኋል? እኔ ተናድጄ እናንተ ትስቃላችሁ! ጉንዳን መጣና ጠራርጎ በላው።

ከርሞ ቢሻው ከትርንጎ ጓሮ ቆመ። ያ የተጣለ ጫፍ በቅሎና በዝቶ ጓሮውን ሞልቶታል። ሴት ልጇም በደህና ተወልዳ፣ ከሥሩ ቁጭ ብላ ሸንኮራ ትመጥጣለች።

ቢሻውም፦ «እባክሽ ትርንጎ፣ ለዘር የሚሆን ጥቂት ስጪኝ» አለ።

ትርንጎም፦ «ይግቡ አያ ቢሻው። እስኪጠግቡ ይብሉ፤ ከአፍዎ የሚነጥቅዎ የለም። ተሸክመው ግን አይወጡም። ወጉን ያውቁታል» አለችው።

ቢሻው ቁጭ ብሎ በላ። እየጣፈጠው አለቀሰ። ከዚያም ባዶ እጁን ሄደ። እሰይ! ደግ አደረገች!

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሸንኮራ አርሱ። ጫፉን የሚያቀብለኝ ግን ወዮለት!