ፍየሉ የታጠበ ለት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ገና ጡት ያልጣለ ውርንጭላዋን አስከትላ ጨዋማው የሆራ ውሃ ወዳለበት አገር ጉዞ ጀመረች። መንገዱ የሦስት ቀን ነው። አብረዋት አንድ አውራ ፍየልና አንዲት ቀበሮ ነበሩ። ቀበሮ ጨዋማ ውሃ ምን ያደርግላታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅ ነበረባቸው።

በሁለተኛው ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአንድ ግራር ሥር ሰፈሩ። አልዋሻችሁም፣ ፍየሉ ይሸታል። አውራ ፍየል ጢሙን በምን እንደሚያርስ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ባታውቁ ይሻላችኋል። ውርንጭላው ግን ሽታው አልከበደውም። ባለፈው ሰፈራቸው ከፍየሉ ሆድ ሥር ተወሽቆ፣ ሞቆት ነበር ያደረው።

«እትዬ አህያ፣ አፍንጫሽን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለች ቀበሮ ጠጋ ብላ።

«ኧረ ደህና ነው። ምነው?»

«ይኼ ግማት ማዶ ድረስ ይደርሳል እኮ! አያ ጅቦ ካሸተተው ‹እዚያ የሰፈረ አለ› ይላል። የሰፈረው ደግሞ…» ብላ ነገሩን ሳትጨርስ ውርንጭላውን አየችው።

አህያ ልቧ ስንጥቅ አለ። ለራሷ ቢሆን ግድም አልነበራት። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አስተኝታ ወደ ፍየሉ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ወንዝ ወርደህ ታጠብ። አሪቲ ታሽተህ ካልመጣህ እዚህ አታድርም!»

«እኔ? ውሃ?» ፍየሉ ገና ሲያስበው ቆዳው ተሸማቀቀ። «እትዬ፣ ጅብ እኔ ብሸትም ባልሸትም ይመጣል፤ የሚመራው ሆዱ ነው። ሲመጣ ግን እሱም ይሸታል። ዓይን በማያይበት ጉም ውስጥ እኔን በሽታዬ፣ እሱንም በሽታው ትለዪናለሽ። ሁሉም አሪቲ አሪቲ ካለ በምን ልትለዪን ነው?»

«ይቺ የሰነፍ ምክንያት!» አለች ቀበሮ።

«የቆሻሻም!» አለች አህያ ተቀብላ።

ፍየሉ ውርንጭላውን አየት አድርጎ «እሺ፣ ለእሱ ስል» አለና ቁልቁለቱን ወረደ፤ ወንዙ ደርሶ መልስ ሌሊቱን ይፈጃል። ውርንጭላው ሊከተለው ሲል እናቱ በአፍንጫዋ ገፍታ መለሰችው።

ቀበሮ ደግሞ «ትንሽ ልናፈስ» ብላ ሄደች። የተናፈሰችው በጅቡ ዋሻ ደጃፍ ላይ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ለስላሳ ሥጋ አግኝቼልሃለሁ። አንጀቱ የኔ ነው። ግን አንተ ሳትደርስ ሽታህ ቀድሞህ ይደርሳል።»

«እኔ? እኔ እኮ አልሸትም!»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«የሞተ በቅሎ።»

«መች የሞተ?»

«እሱንስ አልጠየቅሁትም።»

ቀበሮ ተነፈሰችና አንድ እቅፍ አሪቲ ፊቱ ጣለችለት። ግማሹን ዋጠው።

«ቅባው እንጂ! ምግብ አይደለም! ሰፈሩ ስትደርስ ደግሞ ‹ማነህ?› ካሉህ ‹እህ› በል፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

«እህ» አለ ጅቡ፣ መለማመዱ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ጉም ወረደ። አህያ የገዛ ኮቴዋን እንኳ ማየት አቃታት። ልጇ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጉሙ ውስጥ የእርምጃ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም እንደ በዓል ቤት የሚያውድ የአሪቲ ሽታ መጣ።

«ፍየል፣ አንተ ነህ?»

«እህ።»

«እሰይ! ኧረ እንዴት ታውዳለህ! ማታ አፌ ቀደመኝ፣ አትቀየመኝ። ና፣ ልጄን ደግፈህልኝ ተኛ፤ በርዶታል።»

ብላ ፈቀቅ አለችለት። ዓይኗንም ጨፈነች።

ውርንጭላው የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አህያ ብድግ ስትል ኮቴ ሳይሆን መዳፍ ወደ ማዶ ሲሮጥ ሰማች። ጮኸች፣ ዞረች፣ ጉሙን ተናከሰች። ወዲያው ከኋላዋ ሌላ የአሪቲ ሽታ መጣባት። ጠላት ተመለሰ ብላ ባለ በሌለ ኃይሏ በእርግጫ መታችው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

«እትዬ… እኔ ነኝ» አለ ፍየሉ ከመሬት። ጠጉሩ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። «ታጠብ አልሽኝ፣ ታጥቤ መጣሁ።» ቀጥሎም በተሰበረ እግሩ ሊነሳ እየታገለ ጠየቃት፤ «ልጁስ? ድምፁን ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

አህያ አፍንጫዋን ልጇ ተኝቶበት ወደነበረው ቦታ አስጠጋች።

ቀበሮ አንጀቷን ስትጠብቅ ዋለች፤ አያ ጅቦ ኮቴ እንኳ አላስተረፈላትም። ፍየሉ እያነከሰ ቀረ። አህያ ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘችውን ፋንድያ ሳታሸት አታልፍም። አሽትታ ከንፈሯን ትገለብጣለች፤ አንገቷን ወደ ሰማይ ታነሳለች። ሰው አይቷት ይስቃል። እሷ ግን የልጇን ጠረን ነው የምትፈልገው።

ከዚህ የምንማረው፣ የወዳጁን ጠረን ተጸይፎ ሽቶ የተቀባውን ሁሉ ወዳጅ የሚል፣ በሩን ለጅብ ከፍቶ እንደሚተኛ ነው።