የግራዝማች መላጊያ

አንድ አናጢ ጣውላ በእጁ ሲልግ ትከሻው ቢዝልበት፣ አሮጌም ቢሆን መላጊያ ማሽን ልግዛ ብሎ ግራዝማች ወልደጻዲቅ ግቢ ሄደ። ግራዝማች የሚሸጡት ማሽን ደጅ ፀሐይና ዝናብ ላይ ተቀምጦ ዝጓል፤ ቀበቶውም ተበጥሷል። አናጢው የጠሩትን ዋጋ በግማሽ ቢቀንስባቸው፣ ግራዝማች ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ጮኹበት።

«ይህን ያወረሱኝ አባቴ ናቸው! ለእኔ ማሽን አይደለም፣ አባቴ ናቸው! ዋጋውን የቀነሰ አባቴን ሰደበ። እስቲ በሰው ፊት ተናገር፣ አባቴ ስንት ያወጣሉ?»

ዝቅ ቢያደርግ ስድብ፣ ከፍ ቢያደርግ ኪሳራ ነው። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያየው ጀመር።

አናጢው ባርኔጣውን አውልቆ ለማሽኑ እጅ ነሳና፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የሰው አባት ልገዛ አልመጣሁም» አለ። «እሳቸውን ከፀሐይ ያስገቧቸውና ብረቱን ብቻ ይሽጡልኝ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ሳያስቡት አብረው ስቀው፣ ብረቱን በብረት ዋጋ ሸጡለት።