በሁለት ጣት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ቺፕ መፈተሽ ነው፤ የስልክ ማማ መሣሪያዎች ውስጥ ገብተው እጅግ ፈጣን መልእክት የሚያስተላልፉ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ቺፖች። ቺፑን መፈተሻው ላይ ታስቀምጣለች፤ እጀታውን ትጫናለች። አረንጓዴ ከበራ ደህና ነው። ቀይ ከበራ ወደ ቀዩ ሣጥን። ቀዩ ሣጥን ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ወደ መፍጫ።

ዘጠኝ ዓመት የፈተሸችው በብረት መርፌዎች ነበር። አንድ ሰኞ መርፌዎቹ ተነሥተው በቦታቸው ስስ ጎማ ተነጠፈ። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ተብሎ ተነገራት። አላመነችም። የመብራት ሠራተኛ የጎማ ጓንት የሚያጠልቀው ለምን ሆነና?

ስለዚህ እንዳይስት ብላ አጥብቃ ተጫነች። ቀይ። ይበልጥ ተጫነች። ቀይ። እስከ ምሳ አርባ ቺፕ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። እሷም በልቧ ከሥራ ተባርራ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ፣ ለጎረቤት የምትለውን እንኳ አዘጋጅታ ጨርሳለች።

እኛስ? ገና አንድ ቀይ ሲበራ የለቅሶ ድንኳን የምንተክል ስንቶቻችን ነን?

ኃላፊዋ አጥናፉ መጥቶ አያት። አልተቆጣም።

«እትዬ አምሳለ፣ ከጎማው ጋር ምን አጣላዎት?»

ጎማው ውስጥ የብር ብናኝ እንዳለ አስረዳት። ቀለል አድርገው ሲጫኑት ብናኙ ከላይ ወደ ታች ተያይዞ መልእክቱን ያሳልፋል። ሲጨፈልቁት ግን ወደ ጎን ይነካካል፤ የአንዱ መስመር መልእክት ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ደህናው ቺፕ የተበላሸ ይመስላል።

«ቺፑ ምንም አልሆነም» አላት። «እጅዎ ነው የከበደው።»

የተጨፈለቀውን ጎማ በአዲስ ቀየረላት። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ቀዩን ሣጥን ገልብጣ አንድ በአንድ እንደገና ፈተሸች፤ በሁለት ጣት ብቻ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ ደህና ነበሩ። ሁለቱ የእውነት ተበላሽተዋል፤ እነሱን መፍጫው ወሰዳቸው።

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ልጇን እንደ ወትሮው የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዘገየሽ አላለቻትም። እንዴት ዋልሽ ብላ ጠበቀች። ልጅቷ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ራት እስኪቀርብ አወራች።

እናቶች፣ ወገኖቼ፣ ልጅ ዝም ሲል ዋሸ እንላለን። ባል ሲተክዝ ልቡ ሸፈተ እንላለን። ዝም ያለው ተበላሽቶ ነው ወይስ ተጨፍልቆ? እግዚአብሔር እኛን በዚያ በከበደ እጅ ቢፈትሸን ማናችን አረንጓዴ እናበራ ነበር?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ቀዩን ሣጥን ገልብጡት። የጣላችሁትን ሰው አውጥታችሁ በሁለት ጣት እንደገና ንኩት። አሥር ሰዓት ገና አልሆነም።