የቀትሩ ወፍራም መብራት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሸክም በጀርባ መሸከም ትተው በኤሌክትሪክ ባጃጅ መሥራት በጀመሩበት ዘመን፣ በአንዲት መንደር ዶሮ ትኖር ነበር። እንቁላሎቿ ክንፏ ከሚያቅፈው በላይ ስለሆኑ፣ አምፖል በሚያሞቀው ሣጥን አስቀምጣ የሚፈለፈሉበትን ቀን ትጠብቃለች።

መንደሩ ያለው አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ነው። ጅብ፣ አህያ፣ ጦጣና ቀበሮ ምሽት ላይ ከሥራ ሲመለሱ ባትሪ ለመሙላት ባጃጆቻቸውን ባንድ ጊዜ ይሰካሉ። ያኔ አምፖሉ ይፈዛል፤ ሣጥኑም ይቀዘቅዛል።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ትንሽ ቆይተህ ሰካ፤ ልጆቼ በብርድ ሊያልቁብኝ ነው!» አለች ዶሮ።

«ከፈለግሽ ሆዴ ውስጥ ላሙቃቸው» አለ ጅብ። «እዚያ መብራት አይጠፋም።»

ዶሮ እያለቀሰች ለቀበሮ ነገረቻት። ቀበሮም በማግስቱ ጅብን መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«አያ ጅቦ፣ የማታው መብራት እኮ ቀጭን ነው፤ ሁሉም ይመጥጠዋል። የቀትሩ ግን የሚነካው ስለሌለ ወፍራም ነው።»

«ወፍራም? ጮማ አለው?»

«ሲንጠባጠብ!»

ጅብ በቀትር ሰካ። እውነትም ባጃጁ ቶሎ ሞላ። ግን ሆዱ ሲጠግብ አፉ አላርፍ አለው፤ «እናንተ ቀጭኑን ላሱ!» እያለ መንደሩን ዞረ። በማግስቱ ቀትር ሁሉም እየተሯሯጡ መጡ፤ መካሪዋ ቀበሮ ሳትቀር። ባንድ ጊዜ ሲሰኩ ትራንስፎርመሩ አቃሰተ፤ የዶሮ አምፖል ድርግም አለ።

ዶሮ ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ ብታስጠጋ ከቅርፊት ውስጥ «ጭው» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ሮጣ ወጣች።

«ጎረቤቶቼ! የመስኖውን ውሃ እንዴት ነው የምትካፈሉት?»

«በተራ ነዋ!» አለ አህያ። «ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለን።»

«ታዲያ መብራቱ አባት የለውም?»

ሁሉም አፍረው ባጃጆቻቸውን ነቀሉ፤ አምፖሉም ተመልሶ በራ። አህያን የመብራት አባት አድርገው ሾሙት። እሱም አንዱን በማለዳ፣ አንዱን በቀትር፣ ሌሎቹን ተሳፋሪ በሚሳሳበት ሰዓት መደበ፤ ምሽቱን ለምድጃና ለአምፖል ተወው።

«ወፍራሙ የእኔ ይሁን!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

አህያ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ «ሞኞ፣ ብቻህን ስትሰካ ሁሉም ሰዓት ወፍራም ነው» አለው።

አምፖሉ ሳይፈዝ አመሸ፤ ሲነጋ ሣጥኑ በጫጩቶች ጩኸት ተናወጠ። ጅብ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ቢመጣ፣ ዶሮ በሩን ሳትከፍት በመስኮት አመሰገነችው።

ከዚህ የምንማረው ሁሉም ባንድ ጊዜ የተሻማበት ነገር ለማንም እንደማይበቃ፣ ሰዓቱን ለሌላው ብሎ የሚያሸጋሽግ ግን ራሱም ሳይጎድልበት ጎረቤቱን እንደሚያድን ነው።