በጅምላ የተሸጠ እህል

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ወንድይፍራው፣ በድካም ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው። የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አብቅቶ ተማሪው ሁሉ ወጥቷል፤ የቀረችው ትርሲት ብቻ ናት። የጠየቀቻቸው ስለ አንድ ግስ ነበር። «ኢንግሮስ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ በአንድ በኩል ሐሳብን ጠቅልሎ መያዝ፣ መመሰጥ ይለዋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የገበያን እህል ጠቅልሎ መግዛት። ምን አገናኛቸው?

ይህ ገበሬ ክረምት ሊገባ ሲል ጤፉን በአህዮቹ ጭኖ ገበያ ወረደ። ከጭነቱ አንዱን ጆንያ ባሏ ለሞተባት እህቱ ለዘር ሊሰጣት ቃል ገብቶላታል። መንደሯ ከገበያው ወዲያ ማዶ ስለሆነ እዚያው ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል።

መንገዱ ረጅም ነበር፤ ጉልበቱ ዝሏል። ገና ገበያው ዳር ሲደርስ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ አስቆመው።

«ሁሉንም በጅምላ እወስድልሃለሁ። ፀሐይ ላይ ስትሰፍር አትዋል። ግን አንድ ቁና እንኳ እንዳታስቀር።»

ገበሬው እህቱን አልረሳትም፤ ትዝ አለችው። ግን ደግሞ ሐሩሩን፣ የየገዢውን ጭቅጭቅ አሰበና «ለሷ ሌላ እፈልግላታለሁ» ብሎ አህዮቹን አራገፈ። ጥላ ሥር ገብቶም ጋደም አለ። እፎይታው ጣፈጠው።

ኋላ እህቱ ባዶ ስልቻ ይዛ መጣች።

«ወንድምዬ፣ የኔውስ?»

«ቆይ፣ አሁን እገዛልሻለሁ» ብሎ ተነሣ። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። ነጋዴው የሌሎቹንም ጠቅልሎ ወስዶት ኖሮ የሚሸጥ ጤፍ ጠፋ። ቢጨንቀው ወደዚያው ሰውዬ ተመልሶ «አንዷን ጆንያ ብቻ መልስልኝ፣ በእናትህ» ሲል ለመነው።

ነጋዴው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ሰርቄሃለሁ እንዴ? ሁሉንም ብልህ እሺ አልከኝ» አለው።

እህቱ ስልቻዋን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተች። «ደክሞህ ነው፤ አውቃለሁ» አለችውና መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በዚያ ክረምት ማሳዋ ጦሙን አደረ።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ቃሉ በፊት የነጋዴዎች ነበር፤ ‹በጅምላ› ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር የመጣ ነው። ኋላ ነው ከገበያ ወደ ልብ የተሻገረው። እህሉ ያንቺ ልብ ነው። ገዢው መጽሐፍም ይሁን ሥራ፣ ስልክም ይሁን፣ ሌባ አይደለም። ደክሞሽ ያገኝሽና ሁሉንም አምጪ ይልሻል፤ አንቺም ማረፍ ስለምትፈልጊ ትሰጪዋለሽ። መመሰጥ ክፉ ነው አላልኩሽም። ብቻ ማታ እናትሽ ‹እንዴት ዋልሽ?› ስትልሽ፣ እሷም ድርሻዋን ፈልጋ ነው የመጣችው። አልቋል አትበያት።»