ሦስት ሜትር ላይ የተዘጋጀችው ካሜራ

አንድ ምትኩ የሚባል ፎቶ አንሺ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ትልቁን ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ያቆማል፤ ዓይኑን ከካሜራው መመልከቻ መስኮት ላይ ይተክላል፤ የሚነሳው ሰው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እስኪለይለት ድረስ ሌንሱን ያዞራል። ከዚያ በፊት ወይ ፍንክች። የከተማው ሰው ለዚህ ጥንቃቄው ያከብረው ነበር፤ በሙያው አይታማም።

በዚያው ከተማ እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ አልጋ ላይ የዋሉ እናት ነበሩ። ሽፈራውና ታምሩ የተባሉት ወንዶች ልጆቻቸው አባታቸው ጥሎት ባለፈው ቤት ምክንያት ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እናታቸውን ለማስደሰት ሲሉ ግን አንድ ቀን የታረቁ መስለው ምትኩ ዘንድ ሄዱና ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ግሩም ነበር፤ የሸሚዛቸው ስፌት እንኳ ይቆጠራል። ምትኩ ራሱ ወስዶ ሲሰጣቸው እትዬ አመለወርቅ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩትና መለሱለት።

«ሥራህ ጥሩ ነው» አሉት። «እነዚህ ግን ፎቶ ሊነሱ የቆሙ ሰዎች ናቸው። አልታረቁም።»

ምትኩ ፎቶውን ይዞ ተመለሰ። እውነታቸውን እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለቱን ለማቀራረብ ትከሻቸውን የገፋው እሱ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎች የምር ገቡበትና ወንድማማቾቹን ለማገናኘት ቀን ተቆረጠ። እትዬ አመለወርቅ ምትኩን አስጠሩት። ልጆቹ ከታረቁ፣ የታረቁባትን ሰዓት ሳያስቆማቸውና ሳያስተካክላቸው እንዲያነሳላቸው ለመኑት። ጊዜያቸው እያለቀ መሆኑንም አልደበቁትም።

እሺ ብሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ጨነቀው። እሱ ሌንስ አዙሮ እስኪጨርስ ማን ይጠብቀዋል? በመጨረሻ ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ክፍሌ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ክፍሌ ዕድሜያቸውን በገበያና በበዓል ግርግር ውስጥ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ኪስ ውስጥ የምትገባ የፊልም ካሜራ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡት። ሌንሷ ላይ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፤ አንድ ሰው ከደረት በላይ፣ ሁለት ሰዎች፣ ብዙ ሰዎች፣ ተራራ። በመስኮቷ ሲያዩ ምስሉ ይጥራ አይጥራ አይታወቅም። አንሺው ሰዎቹ የሚሆኑበትን ርቀት አስቀድሞ ይወስናል፣ ሌንሷን እዚያው ሥዕል ላይ ያደርጋል፣ በቃ።

«በግምት ልሥራ ነው እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ምትኩ ቅር ብሎት።

«ሁለቱ ሰዎች ላይ አድርጋት፤ ሦስት ሜትር ናት» አሉት ጋሽ ክፍሌ። «ፀሐይ ካለ የብርሃን መግቢያዋን አጥብበው። ያኔ ትንሽ ቀረብ ቢሉም፣ ትንሽ ራቅ ቢሉም ይወጣሉ። ጭንቀትህን እቤትህ ጨርሰህ ሂድ፤ እዚያ ስትደርስ ሰዎቹን ብቻ ተመልከት።»

ምትኩ እስኪያምንባት ድረስ ቀን በቀን ተለማመደ። ግቢው ውስጥ እየቆመ ሦስት ሜትርን በዓይኑ ይገምታል፣ በሜትር ይለካል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይገምታል። ኋላ ላይ መለኪያውን ተወው፤ እግሩ ራሱ ማወቅ ጀመረ።

ሽምግልናው የተቀመጠው በአንድ አዛውንት ግቢ፣ ረፋዱ ላይ ነበር። ምትኩ ካሜራዋን አዘጋጅቶ ግድግዳው ጥግ ቆመ፤ ማንም ልብ አላለውም። ሽፈራው ፊቱን አዙሯል፤ ታምሩ መሬት መሬቱን ያያል። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ መከሩ፣ ተቆጡ፤ ነገሩ አልላላ አለ። በመጨረሻ ታምሩ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቆ ለመሄድ ተነሳ። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ሽፈራው ከተቀመጠበት ጠራው።

«እማማ ምግብ ትበላለች?»

ታምሩ ቆመ። «ግማሹን ታስቀምጣለች» አለ። «ሽፈራው ቢመጣስ ትላለች።»

ሽፈራው ተነሳ። እንዴት እንደደረሰ እንጃ፤ ወንድሙ አንገት ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር። ምትኩ ሌንሷን አልነካም። ሁለት እርምጃ ጠጋ አለና ቁልፏን ተጫነ። ወዲያው ሽማግሌዎቹ ከበቧቸው፤ ወንድማማቾቹ ከዓይን ተሰወሩ።

የዚያኑ ዕለት ሁለቱ አብረው ሄደው መታረቃቸውን ለእናታቸው ነገሯቸው። እትዬ አመለወርቅ ሁለቱንም ሳሟቸው፤ ልባቸው ግን እንደ ፊተኛው ማስመሰል እንዳይሆን ብሎ ይሰጋ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ምትኩ ፎቶውን ሲያመጣላቸው ብቻቸውን ነበሩ። ጠርዙ ላይ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ተቆርጦ ገብቷል፤ የሽፈራውም ጀርባ ትንሽ ደብዝዟል። የታምሩ እጅ ግን የወንድሙን ኮት ጨምድዶ እንደያዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምትኩ ስለ መደብዘዙ ማስረዳት ሲጀምር እትዬ አመለወርቅ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«ይሄ የልጄ እጅ ነው» አሉ። «ሲፈራ እንደዚህ ነበር ቀሚሴን የሚይዘው። አሁን ታርቀዋል።»

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ምትኩ ትልቁን ካሜራ ለመታወቂያና ለሠርግ ፎቶ ይጠቀምበታል። ትንሿ ግን ከኪሱ አትለይም፤ ሁልጊዜም ሦስት ሜትር ላይ ናት።

ይቅርታ ቆሞ አይጠብቅም፤ ስንብትም እንደዚያው። ምትኩ ያቺን ሰዓት ያገኛት የሚበቃውን ያህል አስቀድሞ አሰናድቶ፣ ቀሪውን ለዕለቱ ትቶ ስለሄደ ነው። እንከን የሌለበት ነገር ዘግይቶ ከሚደርስ፣ ትንሽ የደበዘዘ ነገር በሰዓቱ ቢደርስ ይሻላል። አንቺስ፣ አንተስ፣ በደንብ እስኪጠራልኝ ብላችሁ ያዘገያችሁት ነገር የትኛው ነው? ማንስ እየጠበቃችሁ ነው?