አብራሪዋ የምታነበው ወረቀት

«የትርሲት እናት፣ ልጅሽ አብራሪ አይደለችም እንዴ? ታዲያ አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው የምትማረው?»

አንዲት እናት ነበረች። ይህን የጠየቋት ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከወፍጮ ቤት አብረው ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ። ሴትዮዋ ዱቄቱን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔስ ምኑን አውቄው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ትልቅ ቦታ ደርሳ «ገና ነኝ፣ ልማር» ብትላችሁ ምን ትላላችሁ? ደስ ይላችኋል? ወይስ ግራ ይገባችኋል? ይህች እናት ግራ ገባት።

ግራ ቢገባት አይፈረድባትም። ልጇ ትርሲት ረዳት አብራሪ ናት። ትከሻው ላይ ሦስት ወርቃማ መስመር ያለበት ነጭ ሸሚዝ አላት፤ ሸሚዙን የምትተኩሰው እናቷ ናት። ጠዋት ከቤት ወጥታ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ አገር ናት። ለዚያ እስክትበቃ ስንት ፈተና፣ ስንት ጭንቀት ታልፏል። እናትየዋ «ተገላገልን» ብላ ነበር። ደብተር የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ወጣ ብላ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የልጇን ሻንጣ ስትፈታ ከሸሚዞቹ ስር ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍትና አንድ ደብተር አገኘች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው እማዬ። ማስተርስ ጀምሬያለሁ።»

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

ትርሲት ሳቀች። እናትየዋ ግን የምሯን ነው። የተማረ ሰው ተመልሶ ተማሪ የሚሆነው ቢያጠፋ እንጂ ሌላ በምን ይሆናል?

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?» አለቻት፣ እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ የጠየቋት ቀን ማታ።

«ሥነ ልቦና።»

ይህንንም ለእትዬ ዘነበች ነገረቻቸው። እትዬ ዘነበች ቆም ብለው አይዋት። «ሥነ ልቦና? እሱማ የእብድ ሐኪሞች የሚማሩት ነው። አብራሪዎቹ አብደዋል እንዴ? እንኳንም በአውሮፕላን ተሳፍሬ አላወቅሁ።»

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ በኋላ ባሰ። ትርሲት ከበረራ ትመጣለች፣ መጽሐፍ ትገልጣለች። እንቅልፍ ይዟት ሲሄድ መጽሐፉ ደረቷ ላይ ነው። ጉንጯ ገባ። እናትየዋ ሰማይ ላይ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ልጄ እዚያ ላይ ሆና ትምህርቱን ብታስብስ? ፈተናውን ብታስብስ? ከኋላዋ ስንት ሰው ተቀምጧል?

በመጨረሻ አልቻለችም። «ልጄ፣ አንዱን ተዪው» አለቻት።

ትርሲት መጽሐፏን ዘጋች። «እማዬ፣ አንቺ ሰላም አጥተሽ እኔ አልማርም። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሰኞ ያበቃል። እስከዚያ አስቢበት። ተዪው ካልሽኝ አልመዘገብም።»

አያችሁ? ነገሩ ተገልብጦ እናትየዋ እጅ ላይ ወደቀ። ያልገባትን ነገር እንድትወስን ተጠየቀች።

አሁን ስለዚህች እናት ሌላም ነገር ልንገራችሁ። እሷም ተማሪ ነበረች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። አሥራ አራት ሴቶች ናቸው። ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። እትዬ ዘነበችም አብረዋት ናቸው፤ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዝ እሳቸው ነበሩ።

እናትየዋ እንዲህ ታደርግ ነበር። ክፍል ሳይገቡ እትዬ ዘነበችን «የዛሬው ገጽ እንዴት ነው የሚለው?» ትላቸዋለች። እሳቸው ይሉላታል። አንድ ጊዜ ከሰማች ይበቃታል፤ ጆሮዋ እንደዚያ ነው። ክፍል ገብታ ተራዋ ሲደርስ ትቆማለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ ታደርጋለች፣ የሰማችውን ትላለች። መምህሩ «በጣም ጥሩ» ይላታል። እንዲህ እያለች የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች።

ዋሸች ልበላችሁ? እኔ ዋሸች አልልም። ማንበብ ማለት ይሄ ይመስላት ነበር። ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞ ጣቱን የሚያስኬድ ይመስላት ነበር። አንዳንዴ ብቻ፣ በአማርኛ የተጻፈበትን የመድኃኒት ጠርሙስ ስታነሳ፣ ፊደሎቹን ታያቸዋለች። ምንም አይነግሯትም። «ይሄን ገና አላስተማሩንም» ትልና ታስቀምጠዋለች።

ቅዳሜ ትርሲት በረራ አልነበራትም። ቁርስ ከተበላ በኋላ «እማዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ። አንድም ቀን ሰምቼሽ አላውቅ» አለቻት።

እናትየዋ ደስ አላት። መጽሐፉን አምጥታ ገለጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምንጫችንን እንከልል። የተከለለ ምንጭ ንጹሕ ነው። ከብት አይገባበትም። ንጹሕ ውሃ ጤና ነው።» ጣቷ ይሄዳል፣ ድምጿ ይሄዳል። አንድ ቃል አልሳተችም። ጨርሳ ቀና አለች።

ትርሲት አላጨበጨበችም። «እማዬ፣ መነጽርሽ የት አለ?»

መነጽሩ መስኮቱ ላይ ነበር። ይህች ሴት ያለ መነጽር እንኳን ፊደል ምስርና ጠጠር አትለይም። የገለጠችው ገጽ ደግሞ ስለ ንብ ቀፎ ነበር።

እናትየዋ መጽሐፉን ዘጋችው። ከዚያ ከፈተችው። ከዚያ ደግሞ ዘጋችው። «በቃሌ ይዤው ነው» አለች። «ግን አውቀዋለሁ። ዋናው ማወቁ አይደለም?»

ትርሲት አልሳቀችባትም። ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተለበጠ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይሄ ቼክሊስት ይባላል። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ይሄን እናነባለን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው እያየ ይመልሳል። እኔ ስድስት ዓመት አንብቤዋለሁ። ያዢልኝ።»

ዓይኗን ጨፍና ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ለቀቀችው። እናትየዋ ምንም ባይገባትም «ጎበዝ» አለቻት።

«ጎበዝ አይደለሁም። ሥራ ላይ እንዲህ ባደርግ ካፒቴኑ ያስቆመኛል።»

«ለምን? ታውቂው የለም እንዴ?»

«ስለማውቀው ነዋ።» ትርሲት ወረቀቱን መልሳ ተቀበለቻት። «አምና አንድ ጠዋት ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ ዓይኔ ግን ውጭ ውጭውን ነበር። ያነበበው አፌ ብቻ ነው። አንድ መስመር ዘለልኩ። ካፒቴኑ እጁን ወረቀቱ ላይ አደረገና ‹ከላይ ጀምሪ› አለኝ።»

«የዘለልሽው ምን የሚለውን ነው?»

«ከክንፉ የሚዘረጋውን ክፍል ማውጣታችንን የምናረጋግጥበትን። አውሮፕላኑ ሲነሳ አየሩ እንዲሸከመው ነው።»

«ባይወጣስ?»

ትርሲት የሻይ ብርጭቆዋን አዞረች። «መሬት ላይ ነበርን እማዬ። አልተነሳንም።»

«ባይወጣስ ነው ያልኩሽ።»

«ወጥቷል። ካፒቴኑ ሰምቷል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የማላውቀውን ብዘለው ይገባኝ ነበር። የማውቀውን እንዴት ዘለልኩ? እሱን ነው የምማረው። ከእኔ ሌላም ስንቱ እንደሚዘል፣ መቼ እንደሚዘል፣ ምን ቢደረግ እንደማይዘል። እትዬ ዘነበች የእብድ ነው ያሉት ትምህርት ስለ እኔው ነው።»

አሁን እናትየዋ ተረጋጋች ብላችሁ እንዳታስቡ። ይልቅ ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ተዪው ብትላት፣ ልጅቷ ለምን እንደዘለለች ሳታውቅ መብረሯ ነው። ቀጥዪ ብትላት፣ ደክማ መብረሯ ነው። የቱ ይሻላል? እሁድ ቀኑን ሙሉ አሰበች። ወጥ አሳረረች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምን ብላ እንደጸለየች እንኳ ሳታውቀው ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰች «ተመዝገቢ» አለቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ተመዝገቢ። በረራሽ ሲቃረብ መጻሕፍቱን ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፋቸዋለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። ተኝተሽ ትነሻለሽ፣ አብርረሽ ትመጫለሽ፣ ከዚያ እሰጥሻለሁ።»

ትርሲት እናቷን ትክ ብላ አየቻት። «እሺ። አንቺስ?»

«እኔም ዛሬ እሄዳለሁ» አለች እናትየዋ። ወዴት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

በአስር ሰዓት መምህሩን ለብቻው ልታገኘው ፈልጋ ነበር። አልሆነላትም፤ ሴቶቹ ሁሉ ደርሰው ነበር። እዚያው ቆማ ተናገረች። «መምህር፣ እኔ አላነብም። በቃሌ ነው የምለው።»

መምህሩ ወጣት ነው። አልተቆጣም፤ እሱም ግራ ገባው። ጥቂት አሰበና ሰሌዳው ላይ የምንጩን ትምህርት ጻፈው። «እናቶች፣ ዛሬ ከታች ወደ ላይ እናንብብ» አለ። ዱላውን የመጨረሻው ቃል ላይ አሳረፈ። «እትዬ ዘነበች፣ ይጀምሩልን።»

እትዬ ዘነበች ተነሱ። ቃሉን አዩት። «ምንጫችንን...» አሉ። አይደለም። «እኔስ የልጅ ልጄ የሚያነብልኝን ነው የምይዘው» አሉና ተቀመጡ።

አንድ በአንድ ተጠየቁ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ አልቻሉም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ዓመት ሙሉ ‹በጣም ጥሩ› ስላችሁ ነበር» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከዘጠኛችሁ ጋር ረቡዕ ከ‹ሀ› እንጀምራለን።»

ወደ ቤት ሲሄዱ እትዬ ዘነበች ከፊት ከፊት ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። «የትርሲት እናት፣ ዝም ብትዪ ኖሮ በሰኔ ሁላችንም እንመረቅ ነበር። ምን አተረፍሽ?»

«እኔስ ምኑን አውቄው» አለች አሁንም።

ወገኖቼ፣ እኔ ዛሬ ስለ አውሮፕላን ልነግራችሁ አልቆምኩም። ስለ እናንተ ነው የቆምኩት። ስለ እኔም ነው።

እናንተ ጸሎታችሁን በቃላችሁ አታውቁትም? ታውቁታላችሁ። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ዱቄት እየነፋችሁ ትሉታላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ትሉታላችሁ። ዓይናችሁ ግን የት ነው? ልባችሁ የት ነው? የሚጸልየው ማን ነው? አፋችሁ ብቻ አይደለም?

በየቀኑ ከምንደግመው ውስጥ ይቅር እንድንባል የምንለምንበት ቦታ አለ። እዚያው አጠገቡ ደግሞ እኛም የበደለንን ይቅር ማለታችንን የምንናገርበት አለ። እስቲ ጣታችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ። ማን ነው ስሙ ሲነሳ ፊታችሁን የምታዞሩበት? ስንት ዓመታችሁ ነው ያንን መስመር ሳታዩት ካለፋችሁ? ብላችሁታል። አንድ ቃል አልሳታችሁም። ግን መነጽራችሁ የት ነበር?

«እኔ አውቃለሁ» የሚል ሰው አለ? እኔ የምፈራው ለሱ ነው። ያቺ አብራሪ የዘለለችው የማታውቀውን አይደለም። ስድስት ዓመት ያነበበችውን ነው። እጁን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «ከላይ ጀምሪ» የሚላችሁ ሰው ካለ አትቀየሙት። ከሌለ ደግሞ ዛሬ እኔ ልበላችሁ። ከላይ ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ፣ እያያችሁ፣ እንደ አዲስ። ታፍራላችሁ፣ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ከሀ ሲጀምር ያፍራል። ጎረቤት ያኮርፋል። «ምን አተረፍሽ?» ይባላል። መልስ ላይኖራችሁ ይችላል። ያቺ እናት ያን ዕለት ያደረገችው ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም።

እኔም የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው የትርሲት ትምህርት አራት ዓመት ፈጀ፤ ቁልፉ እናቷ ጋ ነበርና። ስትጨርስ የጻፈችውን ጥራዝ ለእናቷ አምጥታ ሰጠቻት። እናትየዋ መነጽሯን አደረገች፣ ገለጠች፣ ብዙ አየች። «ልጄ፣ አራት ዓመት ፊደል ተምሬ አንዱንም አላውቀውም» አለች። «በእንግሊዝኛ ነው እማዬ» አለቻት ትርሲት። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ግን ታነበዋለች።

በዚያ ረቡዕ ከዘጠኙ ሴቶች አራቱ ወደ ክፍል መጡ። አምስቱ አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልተመለሱም። እትዬ ዘነበች ከአምስቱ አንዷ ናቸው። የምንጩን ትምህርት ዛሬም ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሆነው አንድ ቃል ሳይስቱ ይሉታል። የትርሲት እናት ፊት ለፊት ካለው ዴስክ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየች።